እጄን የሰበሰብኩበት ቅዳሜ

ልጄ ሦስት ዓመት ከስምንት ወሩ ነበር። ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብሎ በእንጨት ብሎክ ግንብ ይሠራል። ትንሹን ከታች፣ ትልቁን ከላይ ያደርጋል። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ይፈርሳል። እንደገና ይጀምራል። አሁንም ትንሹን ከታች።

እኔ ሶፋው ላይ ሆኜ የታጠበ ልብስ አጣጥፋለሁ። ሁለት ጊዜ ቻልኩት። በሦስተኛው አልቻልኩም። ወረድኩና አጠገቡ ተቀመጥኩ። «ማሙሽዬ፣ ትልቁን ከታች አድርገው። እየው፣ እንደዚህ» ብዬ ስድስት ብሎክ ደርድሬ አሳየሁት። ቀጥ ያለ፣ የሚያምር ግንብ ሆነ። ልጄ ግንቡን አየው። እኔን አየኝ። ከዚያ ተነስቶ ወደ ሌላ ክፍል ሄደ።

አላለቀሰም። አልተቆጣም። ዝም ብሎ ሄደ። ያን ቀን ብሎኮቹን ደግሞ አልነካቸውም።

ነገሩ ለብዙ ቀን ከሐሳቤ አልወጣም። የረዳሁት መስሎኝ ነበር። ሥራዬ ሒሳብ ነው። ቀኑን ሙሉ የተሳሳተ ቁጥር እየፈለግኩ አስተካክላለሁ። ስህተት ሳይ እጄ ይፈጥናል። ለልጄም ያንኑ አደረግኩ። እሱ ግን ምን ሲሆን ምን እንደሚሆን እየሞከረ ነበር። ጥያቄው የራሱ ነበር። መልሱን ይዤ ስመጣ ጥያቄውን ቀማሁት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ለራሴ ቃል ገባሁ። የፈለገው ቢሆን እጄን እሰበስባለሁ። ልብሱን ይዤ እዚያው ቦታዬ ላይ ተቀመጥኩ። ልጄ ብሎኮቹን አወጣ። ግንቡ በፈረሰ ቁጥር በልቤ ቆጠርኩ። 17 ጊዜ ፈረሰ።

በአራተኛው ተናደደና አንዱን ብሎክ ወረወረው። ሄዶ አምጥቶ ቀጠለ። በሰባተኛው ብሎኩን በጠባቡ ጎኑ ማቆም ትቶ አጋደመው። አሥረኛው አካባቢ ከላይ በመዳፉ መጫን ጀመረ። ይጣበቅልኛል ብሎ ይመስለኛል። አልተጣበቀም። ከዚያ ለትንሽ ጊዜ ዝም አለ። በአንድ እጁ ትልቅ፣ በሌላው ትንሽ ብሎክ ይዞ አንዴ ይሄኛውን፣ አንዴ ያኛውን ያያል። ብዙ ከቆየ በኋላ ትልቁን ከታች አደረገ። አምስት ብሎክ ተደራርቦ ቆመ። «እማዬ! ቆመ! ቆመ!» አለ። ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ከዚያ በኋላ ያደረገው ነገር ይበልጥ ገረመኝ። ግንቡን ራሱ አፈረሰና ትንሹን እንደገና ከታች አደረገው። ሲወድቅ ሳቀ። ትልቁን ከታች አደረገ፤ ቆመ። ትንሹን አደረገ፤ ወደቀ። እርግጠኛ እስኪሆን እያቀያየረ ሞከረው። እኔ ብነግረው አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው። ግን የኔ እውቀት ሆኖ ይቀር ነበር። አሁን እጁ ያውቀዋል። ሚዛን የሚለውን ቃል ገና አልሰማም፤ ነገሩ ግን ገብቶታል።

ከዚያ ወዲህ ስለ ልጆች ጨዋታ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ። እ.ኤ.አ. በ2011 ኮግኒሽን በተባለ የጥናት መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ሥራ አለ። ኤሊዛቤት ቦናዊትዝና ባልደረቦቿ ናቸው የሠሩት። ገና ትምህርት ቤት ላልገቡ ልጆች አይተውት የማያውቁትን መጫወቻ ሰጧቸው። መጫወቻው ከቱቦዎች የተሠራ ነው። ውስጡ አራት ነገር ተደብቋል። አንዱ ቱቦ ሲሳብ ይጮኻል። አንዱ ይበራል። አንዱ ዜማ ያሰማል። አንዱ ደግሞ ፊትን ገልብጦ የሚያሳይ መስታወት አለው። ለተወሰኑት ልጆች አንዲት አዋቂ «ይህ መጫወቻ እንዴት እንደሚሠራ ላሳያችሁ» ብላ የሚጮኸውን ብቻ አሳየቻቸው። ለሌሎች ልጆች ደግሞ ሳታስበው የነካችው መስላ አስጮኸችው።

በደንብ የተማሩት ልጆች እሱኑ እያስጮኹ ቆዩ። ሌሎቹን የተደበቁ ነገሮች ማግኘት ላይ ግን ካልተማሩት አነሱ። የተጫወቱትም ለአጭር ጊዜ ነው። ምክንያቱን ሳነብ ልቤ ተነካ። ልጆቹ በትክክል ነው ያሰቡት። የምታውቅ ሰው አሳየችን፤ ሌላ ነገር ቢኖረው ኖሮ ትነግረን ነበር። ስለሚያምኑን ነው መፈለግ የሚያቆሙት። የኔ ልጅም ስድስት ብሎክ ተደርድሮ ሲያይ ነገሩ አለቀ ብሎ ነው የሄደው።

ይህን ስል ልጅን ምንም አታስተምሩ ማለቴ አይደለም። ጫማ ማሰር፣ መንገድ ማቋረጥ፣ እጅ መታጠብ እናሳያለን። ማሳየትም አለብን። እኔ የምለው ልጁ በራሱ ጥያቄ ላይ በተቀመጠበት ሰዓት ነው። ያ ሰዓት ሲነካ ይሸሻል።

ስለ እቃቃ ብዙ የምለው አለኝ፤ ምክንያቱም ለረጅም ጊዜ ንቄው ኖሬአለሁ። ልጄ ይጫወት እያልኩ በልቤ ግን ጊዜ ማሳለፊያ ነው ብዬ ነበር የማስበው። እህቱ ስድስት ዓመቷ ነው። እሷ ሐኪም ትሆናለች፣ እሱ በሽተኛ። እንግዲህ ይህ ልጅ ጫማ ሳደርግለት ለአሥር ሰከንድ እግሩን ዝም አያደርግም። ፀጉሩ ሲበጠር ይፈራገጣል። እህቱ ግን «አንተ በሽተኛ ነህ፣ በሽተኛ አይንቀሳቀስም» ስትለው ሶፋው ላይ እጁን ዘርግቶ ይተኛል። ዓይኑን ጨፍኖ ይቆያል። ዝንብ አፍንጫው ላይ ብታርፍም አይነሳም። ሰዓቴን አየሁ። ከአምስት ደቂቃ በላይ ነበር።

ሌቭ ቪጎትስኪ የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1933 ሌኒንግራድ ውስጥ ስለ ጨዋታ ባደረገው ንግግር ይህንኑ ነገር አንስቷል። ልጅ በጨዋታ ጊዜ ከራሱ በአንድ ራስ የሚበልጥ ይሆናል ይላል። ብዙዎቻችን እቃቃን ልጁ ያሻውን የሚያደርግበት ነገር አድርገን እናየዋለን። ቪጎትስኪ ግን ሕግ የሌለው ጨዋታ የለም ባይ ነው። እናት ከሆንሽ እንደ እናት ትሆኛለሽ። በሽተኛ ከሆንክ ትተኛለህ። ልጁ መሮጥ እያማረው ለጨዋታው ሲል ይተኛል። ራስን መግዛት የምንለው ነገር እዚያ ሶፋ ላይ ነው የሚለመደው።

እሱ ከሞተ በኋላ ሌሎች ይህንን ፈተሹት። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው የማኑይሌንኮ ጥናት ልጆችን ሳይንቀሳቀሱ እንዲቆሙ ጠየቀ። በትእዛዝ ብቻ ሲቆሙና የዘብ ጠባቂ ሚና ተሰጥቷቸው ሲቆሙ ያለው ልዩነት ተለካ። ዘብ ሲሆኑ ብዙ ቆዩ። ይህን ካነበብኩ በኋላ ፀጉር ሲበጠር «ዝም በል» ማለት ተውኩ። አሁን ልጄ ሐውልት ነው። ሐውልት እየተጠረገ ነው።

ቪጎትስኪ የሚያነሳው ሌላ ምሳሌ አለ፤ በጣም እወደዋለሁ። ሁለት እህትማማቾች ናቸው። አንዷ አምስት፣ አንዷ ሰባት ዓመቷ። አንድ ቀን «እህትማማቾች እንሁን» ብለው እህትማማችነትን ተጫወቱ። በኑሮ እህትማማች መሆናቸውን ልብ አይሉትም። በጨዋታው ግን ተመሳሳይ ይለብሳሉ፣ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ፣ እህት ከእህቷ ጋር እንዴት መሆን እንዳለባት ያስባሉ። የኔዎቹም አንድ ቀን «እማና ልጅ» ሲጫወቱ ልጄ እህቱን «ቆይ፣ አሁን ሥራ ላይ ነኝ» ሲላት ሰማሁት። የኔው ድምፅ ነበር። የኔው አነጋገር። ለብዙ ጊዜ በሩ ጀርባ ቆሜ ቀረሁ።

ጨዋታ ፍርሃትንም ይሸከማል። ሴቷ ልጄ አራት ዓመቷ ሳለ መርፌ ለመወጋት አንድ ጤና ተቋም ወሰድኳት። የወጋቻት ባለሙያ «አያምምም፣ ምንም አይልሽም» አለቻት። እኔም አብሬ «አዎ አያምምም» አልኩ። አመማት። ቤት ስንመጣ የአሻንጉሊት ድቧን አስተኝታ በእስክሪብቶ መውጋት ጀመረች። ለሦስት ሳምንት በየቀኑ ወጋችው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በጉልበቷ ተጭና ይዛው ነበር። ፊቷ ያስፈራል። ላስቆማት ፈልጌ ነበር፤ ጨካኝ የሆነች መስሎኝ። ባለቤቴ «ተያት እስቲ» አለኝ። በሁለተኛው ሳምንት እጁን መያዝ ጀመረች። በሦስተኛው ሳምንት ድቡን «ያማል። ግን ቶሎ ያልፋል። እኔ እዚህ አለሁ» አለችው።

እኔ ልላት የሚገባኝን ቃል እሷ ለድቧ አገኘችው። በሚቀጥለው መርፌ እውነቱን ነገርኳት። እጇን ሰጠችኝ። አለቀሰች፣ ግን አልታገለችም።

አንድ የማልረሳው ጥፋት አለኝ። ልጄን መጀመሪያ ያስገባኋት መዋዕለ ሕፃናት «እኛ ጋ ጨዋታ የለም፣ ትምህርት ብቻ ነው» ይል ነበር። በኩራት ነበር የነገሩኝ። እኔም በኩራት ነው የሰማሁት። ገና ሦስት ዓመት ተኩል ነበረች። ቀኑን ሙሉ በነጠብጣብ የተጻፈ ፊደል ላይ ትስላለች። ማታ የቤት ሥራ አለ። እርሳሱን በጭብጧ ጨምድዳ ነው የምትይዘው። ወር ሳይሞላት ጠዋት ጠዋት ሆዴን አመመኝ ማለት ጀመረች። ቅዳሜና እሁድ ሆዷን አያማትም።

እርሳስ የሚይዘው ጣት አስቀድሞ ሌላ ሥራ ይፈልጋል። ጭቃ ማድቦልቦል፣ ወረቀት መቅደድ፣ ክር ውስጥ ዶቃ ማስገባት፣ የልብስ መቆንጠጫ መጫን። ይህ ሁሉ የጣት ጉልበት ነው። ትከሻና ክንድም አለ። የሚንጠላጠል፣ የሚወጣ፣ የሚገፋ ልጅ ክንዱ ይጠነክራል፤ ቁጭ ብሎ ለመጻፍም ያ ያስፈልገዋል። ይህን የነገረችኝ ሁለተኛው መዋዕለ ሕፃናት ያገኘኋት መምህርት ናት። እዚያ ግማሽ ቀን በአሸዋና በውሃ ይጫወታሉ። ፊደሉን ዘግይታ ያዘችው። ሲገባት ግን በፍቅር ሆነ። ጨዋታና ትምህርትን ለያይቶ አንዱን ማስወጣት ትልቅ በደል ነው ብዬ አምናለሁ። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 31 ላይ ጨዋታን መብት ብሎ ነው ያሰፈረው። ከቤት ሥራ በኋላ ጊዜ ከተረፈ የሚል ቃል የለበትም።

ስለ መጫወቻ አንድ ነገር ልበል። ባትሪ የሚበላ፣ የሚያወራ፣ የሚዘፍን መጫወቻ ገዝተን ነበር። ሁለት ቀን ተጫወቱበት። የመጣበት ካርቶን 19 ቀን ቆየ። መኪና ሆነ፣ ዋሻ ሆነ፣ የውሻ ቤት ሆነ፣ ተቀዶ ጣሪያ ሆነ። የሚዘፍነው መጫወቻ ከመዝፈን ሌላ ምንም መሆን አይችልም። ካርል ቴዎዶር ሶረንሰን የተባለ ዴንማርካዊ የመናፈሻ ንድፍ ባለሙያ ይህን ቀድሞ አይቶታል። ልጆች እሱ ከሠራላቸው የተዋበ መጫወቻ ሜዳ ይልቅ የግንባታ ቦታና ቁርጥራጭ ዕቃ እንደሚስባቸው አስተዋለ። እ.ኤ.አ. በ1943 በኮፐንሃገን ኤምድሩፕ የተከፈተው ሜዳ ከዚህ ሐሳብ የተወለደ ነው። ጣውላና የተለያየ ቁርጥራጭ ዕቃ ለልጆቹ ተሰጠ። ዐዋቂ ሰው ከዳር ሆኖ ይጠብቃል። የሚሠሩት ግን እነሱ ናቸው።

ውሃም እንደዚያው ነው። ማታ ገላቸውን ሲታጠቡ ሁለት ኩባያ እሰጣለሁ። አንዱ ረጅምና ቀጭን፣ አንዱ አጭርና ሰፊ። ልጄ ከአጭሩ ወደ ረጅሙ ሲገለብጥ «በዛ!» ይላል። መልሶ ሲገለብጥ «አነሰ!» ይላል። የሥነ ልቦና ሊቁ ዣን ፒያዤ እንዲህ ያለውን ነገር በብዙ ልጆች ላይ ተመልክቷል። ውሃው ያው መሆኑ ብዙውን ጊዜ ሰባት ዓመት አካባቢ ነው የሚገባቸው። እህቱ አንዴ «ያው ነው እኮ» ትላለች፣ አንዴ ትጠራጠራለች። መካከል ላይ ናት። ሁለቱ ሲከራከሩ እኔ ፎጣ ይዤ ዝም እላለሁ። ማንኛቸው እንደሚረታ አልፈርድም።

መናፈሻ ስንሄድ ደግሞ ልጄ ለሳምንታት ሌሎቹን ቆሞ ነበር የሚያየው። እኔ ከኋላ «ሂድ ተጫወት እንጂ፣ ምን ትሠራለህ እዚህ?» እያልኩ እገፋዋለሁ። ሌላ ሰው ሲያየኝ ደግሞ አፍራለሁ። ሚልድረድ ፓርተን እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመችው ጥናት ልጆች ከሌሎች ጋር የሚሆኑበትን መንገድ ስትከፋፍል መመልከትን ራሱን አንድ ቦታ ሰጥታዋለች። ቆሞ ማየት፣ ጎን ለጎን ለየብቻ መጫወት፣ ከዚያ አብሮ መጫወት። የኔም ልጅ ሥራ ላይ ነበር። ቤት ሲመጣ ያየውን ሁሉ በአሻንጉሊቶቹ ይሠራዋል። ማን ማንን እንደገፋ፣ ማን ተራ እንደጠበቀ። በአምስተኛው ሳምንት ሄዶ ሽርተቴው ጋ ተራ ያዘ። እንዴት እንደሚያዝ ያውቅ ነበር።

መታገልና መላፋት ያስፈራኝ ነበር። አሁን ፊታቸውን አያለሁ። ሁለቱም የሚስቁ ከሆነ፣ ከታች ያለው ተራው ደርሶ ከላይ የሚሆን ከሆነ፣ አንዱ «በቃ» ሲል ሌላው የሚያቆም ከሆነ እተዋቸዋለሁ። አንዱ መሳቅ ካቆመ ብቻ እነሳለሁ።

ታዲያ መቼ ነው የምገባው? አደጋ ካለ እገባለሁ። ከጠሩኝም እገባለሁ፤ ስገባ ግን የሰጡኝን ሚና ይዤ ነው። አንድ ቀን ሴቷ ልጄ «እማ፣ አንቺ በር ነሽ» አለችኝ። ንግሥት ወይ አስተማሪ መሆን አልጠየቅኩም። በር ሆንኩ። ሲያንኳኩ ክንዴን ከፈትኩ፣ ሲያልፉ ዘጋሁ። ሃያ ደቂቃ ያህል። በዚያ መካከል ልጄ ቁልፍ ያስፈልጋል አለ፤ እሷ ደግሞ የይለፍ ቃል ነው የሚያስፈልገው አለች። ተከራከሩ። በመጨረሻ ቀን ቁልፍ፣ ማታ የይለፍ ቃል እንዲሆን ተስማሙ። እኔ በር ስለሆንኩ አልተናገርኩም። ብናገር ኖሮ ያ ስምምነት የኔ ይሆን ነበር።

ሦስተኛው አጋጣሚ ከባዱ ነው። ተስፋ ቆርጦ ሊያለቅስ ሲል። ያኔ አጠገቡ እቀመጣለሁ። መጀመሪያ ዝም እላለሁ። አንዳንዴ መቀመጤ ብቻ ይበቃዋል። ካልበቃው ጥያቄ እጠይቃለሁ፤ መልስ አልሰጥም። ቢያንስ ወዲያው አልሰጥም። ደክሞኝ ከሥራ በመጣሁ ቀን አሁንም እጄ ይቀድመኛል። ያኔ «ይቅርታ፣ ያንተ ነው» ብዬ እመልስለታለሁ። ይገባዋል።

ያለፈው ቅዳሜ ሁለት ወንበር አራርቆ አቆመና በመካከላቸው ድልድይ ሊሠራ ተነሳ። ረጅም ጣውላ አለን፤ ግን ሁለቱን ወንበር አይደርስም። ከአንዱ ወንበር ላይ ወደ ሌላው ይገፋዋል፣ ጣውላው ወደ ፊት ተዘቅዝቆ ይወድቃል። ደጋግሞ ሞከረ። ወንበሮቹን ማቀራረብ ይችል ነበር። አላቀራረበም። መኪናው በመካከል መብረር አለበት አለ።

«እማዬ፣ ለምንድነው የሚወድቀው?» አለኝ።

«አንተ ምን ይመስልሃል?»

አልመለሰልኝም። ጣውላው ዳር ላይ ሆዱን አስደግፎ ቆየ። ተነስቶ ወደ በሩ ሄደ። የእህቱን የክረምት ቡትስ ጫማ ይዞ መጣ። ጣውላው ወንበሩን በያዘበት ጫፍ ላይ አስቀመጠው። ቀስ ብሎ እጁን አነሳ። ጣውላው ትንሽ ተወዛወዘና ቆመ። ሁለተኛውን ጫማ ሊያመጣ ሮጠ።

ልብሱ ሳይታጠፍ መሸ።